አክሮፖራን የሚበላ ጠፍጣፋ ትል፦ ከመለየት እስከ ማጥፋት

በአኳሪየም ውስጥ ያለ፣ አክሮፖራ የሚባለው ባለ ቅርንጫፍ ድንጋያማ ኮራል መገርጣት ሲጀምር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መብራቱን ነው። ቀጥሎ አልካሊኒቲ (ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበትን በውሃው ውስጥ ያለ የካርቦኔት መጠን) ይለካል፣ ውሃ ይቀይራል፣ የፓምፑን አቅጣጫ ያዞራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ የውሃው ልኬትም ደህና ሆኖ፣ ኮራሉ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ መንጣቱን ካላቆመ ላዩ ላይ ተለጥፎ የሚበላው ትል መኖሩን መመርመር ያስፈልጋል።

የትሉ ሳይንሳዊ ስም ፕሮስቲዮስቶመም አክሮፖሬ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ አማኩሳፕላና አክሮፖሬ ተብሎ ስለነበር የቆዩ ጽሑፎች ላይ ይህን ስም ቢያገኙ ያው ትል ነው። አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ለዓመታት ሲያማርሩበት ከቆዩ በኋላ ነው በተፈጥሮ ባሕር ውስጥ፣ በአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ፣ የተገኘው። ምግቡ አክሮፖራ ነው። እንደ ሞንቲፖራና ዞአንተስ ያሉ ሌሎች ኮራሎችዎ ወይም ለስላሳ ኮራሎችዎ ከታመሙ ተጠያቂው ሌላ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዝ። በገበያ ላይ ያሉት መንከሪያ መድኃኒቶች ትሉን ከኮራሉ ያላቅቃሉ ወይም ይገድላሉ፤ እንቁላሉን ግን አይነኩትም። አንድ ጊዜ ነክረው ደርዘን ትል ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ አይተው የተደሰቱ ሰዎች ከወር በኋላ እንደገና የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ በእንቁላሉ ቀን የተቃኘ ነው።

መልኩና መደበቂያው

ትሉ ሞላላና እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ያደገው 1 ሴንቲሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ገና የተፈለፈለው ያለ ማጉያ ሌንስ በቀላሉ አይታይም። ጀርባው የራሱ ቀለም የለውም፣ ብርሃን ያሳልፋል። የኮራሉን ሥጋ ሲበላ በውስጡ የሚኖሩትን አልጌዎች አብሮ ስለሚውጥ ሆዱ የኮራሉን ቀለም ይይዛል። በዚህ ምክንያት ዓይንዎ ሥር ተቀምጦ ላያዩት ይችላሉ።

ቀን ቀን የሚውለው ብርሃን በማይደርስበት ጎን ነው፦ በቅርንጫፎቹ ሥር፣ ከታችኛው ገጽ፣ ወደ ኋላ መስታወት በዞረው በኩል። ስለዚህ ከፊት ለፊት ያማረ የሚመስል ኮራል ከኋላው ግማሹ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። የበላበት ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ወይም ሞላላ ገርጣ ነጠብጣቦች ያሉበት ይሆናል። ነጠብጣቦቹ ሲበዙ ይገናኛሉ፣ ፖሊፖቹ (የኮራሉ ትንንሽ አበባ መሰል አፎች) አይወጡም፣ ከዚያ ሥጋው ከሥር እየሳሳ ሄዶ ነጭ አጽም ይቀራል።

እንቁላሉ የሚገኘው ነጩ አጽምና ሕያው ሥጋ በሚገናኙበት ድንበር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ አጠገብ ነው። በአሥር እጥፍ ሌንስ ሲታይ ወርቃማ ቡናማ ጥቃቅን ክቦች እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ በአጽሙ ላይ በደንብ ተጣብቀው ይታያሉ። በአንዱ ሽፋን ውስጥ ከአንድ በላይ ሽል አለ። ተፈልፍሎ ያለቀው ሽፋን ባዶና ገርጣ ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ ባዶ ሽፋን አገኘሁ ብለው እንዳይረጋጉ፣ ልጆቹ ኮራሉ ላይ ናቸው ማለት ነው።

እንዴት ይረጋገጣል

ተርኪ ቤስተር የሚባለውን የጎማ ጭንቅላት ያለውን መምጠጫ ይያዙ። የታንኩን ፓምፖች ሁሉ ያጥፉ፣ ውሃው እስኪረጋ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ከኮራሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ርቀው፣ ከሥር ወደ ላይ፣ በጥላው በኩል ኃይለኛ ውሃ ይንፉበት። ትሉ ካለ እንደ ስስ ቅርፊት ተገንጥሎ ይበራል፣ ከዚያ ጠርዙን ጠቅልሎ ወደ ታች ይሰምጣል። ዓሣዎቹ ሮጠው ስለሚውጡት ጓደኛዎ በጎን ሆኖ ቢያይልዎ ይሻላል። በመጀመሪያው ንፊያ ምንም ካልወጣ ደግመው ሦስት አራት ጊዜ ይንፉ፤ አጥብቆ ይለጠፋል።

ንፊያው ካላሳየና ጥርጣሬው ካልለቀቀዎ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ነጭ ዕቃ ውስጥ መንከር የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው። ነጭ ዕቃ የሚመረጠው በጥቁር ባልዲ ውስጥ ትሉ ስለማይታይ ነው።

ከሌላ ችግር ጋር አያምታቱት። ሥጋው በሰዓታት ውስጥ ተልጦ የሚወድቅ ከሆነ የቲሹ መሞት እንጂ ትል አይደለም። በቅርንጫፎቹ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጡ፣ ቢጫ ሆነው ቀይ ነጥብ ያላቸው ነገሮች ከተንቀሳቀሱ ሬድ ባግ (red bug) የሚባሉት ጥቃቅን የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። ለእነሱ የሚሰጠው ሚልቤማይሲን ያለበት መድኃኒት ጠፍጣፋውን ትል አይነካም። አሸዋና መስታወት ላይ የሚርመሰመሱት ዝገት ቀለም ያላቸው ቀይ ፕላናሪያዎችም ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ኮራሉን አይበሉትም፣ ብርሃን ይከልሉበታል። ለእነሱ ታንክ ውስጥ የሚጨመረው ፍላትዎርም ኤግዚት የተባለ መድኃኒት በሚፈቀደው መጠን አክሮፖራ በሉን ትል ለማጥፋት አይበቃም።

የቀኑ ስሌት

ይህን ክፍል ያልያዘ ሰው የተቀረውን በሙሉ በትክክል ሠርቶ እንኳ ሊሸነፍ ይችላል።

ውሃው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እንቁላሉ በአማካይ በ11 ቀን ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ትል አድጎ እንቁላል ለመጣል በአማካይ 35 ቀን ይፈጅበታል፤ ከእንቁላል እስከ እንቁላል ያለው አጭሩ ዙር 38 ቀን ነው። በ24 ዲግሪ ይኸው ዙር ወደ 64 ቀን ይረዝማል። ሙቀት ሲጨምር ትሉ ይፈጥናል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ላይ ያለ ቺለር (ውሃ ማቀዝቀዣ) አኳሪየም የያዘ ሰው ውሃው ከ27 ሲያልፍ የትሉ ዙር ከዚህም እንደሚያጥር ማሰብ አለበት።

አዲስ የተፈለፈለው ትል መሳብም መዋኘትም ይችላል። አክሮፖራ ካላገኘ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ቀን ድረስ ብቻ ይቆያል። ሁለት ታንኮች አንድ ሳምፕ (ውሃው የሚጣራበት ተጨማሪ ገንዳ) ከተጋሩ አንዱ ሲያዝ ሌላው እንደተያዘ ይቁጠሩት።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ በየ7 ቀኑ መንከር፤ በሁለት መንከሪያዎች መካከል የተፈለፈለ ሁሉ እንቁላል መጣል ሳይደርስ ይያዛል፣ አንዱ ዙር ያመለጠውን ቀጣዩ ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ በ26ና 27 ዲግሪ ቢያንስ 7 ጊዜ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ቀን እስከ 42ኛው ቀን። በ24 ዲግሪ ከያዙት ግን ከ10 እስከ 11 ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኳራንቲኑን፣ ማለትም ኮራሎቹ ሕክምናው እስኪያልቅ ለብቻ የሚቆዩበትን ታንክ፣ 26.5 አካባቢ ማድረግ ይመረጣል። 30 አድርጎ ለማፋጠን መሞከር ግን የተጎዳውን ኮራል መግደል ነው።

በሂደቱ መካከል ትል ቢወድቅ መጠኑን ይዩ። 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከሆነ አዲስ ፍልፍል ነው፤ የሚጠበቅ ስለሆነ በያዙት ቀን ይቀጥሉ። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ግን ያመለጠ ትልቅ ነው፣ እንቁላል ጥሎ ሊሆን ስለሚችል ቆጠራውን ከዚያ ቀን እንደገና ይጀምሩ። አዲስ እንቁላል ከተገኘም እንዲሁ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለኳራንቲን ከ40 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ ባዶ መስታወት ይበቃል። አሸዋም ድንጋይም አይግባበት። ማሞቂያ፣ ከማሞቂያው የተለየ ቴርሞሜትር፣ በሰዓት የታንኩን መጠን ከ15 እስከ 20 እጥፍ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ፣ በዋናው ታንክ ሳምፕ ውስጥ የቆየ ስፖንጅ ሳይሆን አዲስ ስፖንጅና በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ፣ ቁራጮቹ የሚቆሙበት የፕላስቲክ ፍርግርግ፣ አክሮፖራ የሚያኖር መብራት። መብራቱን መጀመሪያ በዋናው ታንክ ከለመዱት በሢሶ ቀንሰው ይጀምሩ።

ለመንከሪያው፦ 5 ሊትር የሚይዙ አራት ነጭ ዕቃዎች፣ አንድ ትንሽ ፓምፕ፣ ተርኪ ቤስተር፣ መርፌ የሌለው 20 ሚሊሊትር ሲሪንጅ፣ ሌንስ፣ በራስ ላይ የሚታሰር መብራት፣ ጓንትና የዓይን መከለያ፣ የኮራል መቁረጫ ጉጠት፣ ስካልፔል (የቀዶ ሕክምና ስለት)፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ሱፐር ግሉ ጄል፣ አዳዲስ የኮራል መትከያዎች (ቁራጭ ኮራል የሚለጠፍባቸው ትንንሽ መቀመጫዎች)። መትከያው በብዛት ይገዛ፤ አሮጌው አይመለስም።

የጨው ውሃው ከአንድ ቀን በፊት ተዘጋጅቶ በፓምፕ ሲዞር ይደር። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ እንደ ጨው ዓይነቱ ከ36 እስከ 39 ግራም ይገባል፤ ሪፍራክቶሜትሩ (የጨው መጠን መለኪያው) 35 ሲያሳይ ይቁም። ለአንድ የመንከሪያ ቀን 25 ሊትር አያንስም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለኮራል ተብለው የተሠሩት እንደ ኮራል አርኤክስና ሪቫይቭ ያሉት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ይሻላሉ። መጠኑንና ደቂቃውን ከጠርሙሱ ይውሰዱ፣ በሲሪንጅ ይለኩ፤ በክዳን መገመት ይቅር። ብዙ የቆዩ ኮራል አርቢዎች ኢሚዳክሎፕሪድ ያለበትን የባየር የአትክልት ፀረ ተባይ ይጠቀማሉ፤ ይሠራል፣ ግን ለዚህ ሥራ የተፈቀደ አይደለም፣ ለሽሪምፕና ለሸርጣን ገዳይ ነው፣ ማለቅለቁ በደንብ ካልተደረገ ጣጣ ያመጣል። የሉጎል አዮዲን ደግሞ ለቁስል እንጂ ለትል አይሆንም፤ ከቆረጡ በኋላ ባለ 5 በመቶውን በሊትር ከ5 እስከ 10 ጠብታ አድርገው 10 ደቂቃ መንከር ይችላሉ።

ሌቫሚሶልም ስሙ ይነሳል። አገር ቤት በየከብት መድኃኒት ቤቱ ለበግና ለፍየል የሚሸጠው የትል መድኃኒት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ያንኑ ክኒን ለመፍጨት ይፈተናሉ። አይሞከር። አንዳንዶቹ ክኒኖች ሌላ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ናቸው፣ ማጣበቂያና ቀለምም አላቸው። ንጹሑም ቢሆን እንቁላሉን ስለማይገድል ከቀን ቆጠራው አያድንም።

የመጀመሪያው ቀን

1. ሁሉም አክሮፖራ ይወጣል፤ ጤነኛ የሚመስለው ጭምር። አንዲት ቁራጭ የቀረችበት ታንክ ለትሉ የምግብ ጎተራ ነው። ከማውጣትዎ በፊት እያንዳንዱን ፎቶ አንስተው ቁጥር ይስጡት፣ ኋላ ንጣቱ መቆሙን የሚያውቁት በፎቶው ነው።

2. ከመትከያው ይለዩ። ቁራጭ ከሆነ መትከያውንና ከሥር ያለውን አጽም በሙሉ ቆርጠው ይጣሉ። መቁረጫው ከነጩ መስመር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሕያው ሥጋው ላይ ይረፍ፤ እንቁላሉ ያለው ከዚያ በታች ስለሆነ በዚህች አንዲት ቁርጥ የሥራው ግማሽ ይቀልላል። ትልቅ ኮሎኒ (ያልተቆረጠ ሙሉ ኮራል) ከሆነ ለመወሰን ይከብዳል። ውስጡ የተጠላለፈ፣ ሌንስ የማይገባበት ኮሎኒ ሙሉ በሙሉ ሊመረመር አይችልም። ስድስት ሰባት ንጹሕ ቁራጭ አውጥቶ የቀረውን መጣል ያንገበግባል፤ ግን ኮሎኒውን እንዳለ ይዘው ሰባት ሳምንት ከደከሙበት በኋላ ተመልሶ ሲያዩት የበለጠ ያንገበግባል።

3. የመጀመሪያውን ዕቃ በ4 ሊትር የጨው ውሃና በተለካው መድኃኒት ይሙሉ። ሙቀቱ ከታንኩ ጋር በ1 ዲግሪ ውስጥ ይሁን። ትንሿን ፓምፕ ያስገቡ፤ የቆመ መድኃኒት ቅርንጫፎቹ ውስጥ አይገባም።

4. ኮራሎቹን አስገብተው ሰዓት ይያዙ። በየደቂቃው በቤስተር ከሥር ወደ ላይ ይንፉ። መድኃኒቱ ትሉን ያደነዝዘዋል እንጂ ሁልጊዜ ራሱ አይወድቅም፤ የሚያወርደው ንፊያው ነው። በአንድ ጊዜ ከአምስት ስድስት ቁራጭ በላይ አይጨናነቁ፣ ንፊያው አይደርስም።

5. ሰዓቱ ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ዕቃ፣ ንጹሕ ውሃ። እዚያም ይንፉ። ከዚያ ሦስተኛው። ከዚያ አራተኛው። በአራተኛው ዕቃ ውስጥ አሁንም ትል እየወደቀ ከሆነ መድኃኒቱ ደክሟል ወይም ንፊያው አንሷል፤ አዲስ ሠርተው ይድገሙ።

6. አንድ በአንድ በሌንስ ያገላብጡ። ኮራሉ ከውሃ ውጭ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ አይጎዳም፣ ግን ከፊትዎ እርጥብ ዕቃ ይኑር።

7. በአዲስ መትከያ ላይ በሱፐር ግሉ ጄል ይለጥፉ። የተቆረጠው ገጽ በሙሉ በጄሉ ይሸፈን፤ ባዶ አጽም ከቀረ ለትሉ አዲስ የእንቁላል ቦታ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኳራንቲን።

8. የወደቁትን ትሎች ይቁጠሩና ከመጠናቸው ጋር ይጻፉ። ከዚያ ውሃው ወደ ፍሳሽ ይሂድ፤ ወደ ባሕር፣ ወንዝ ወይም ሜዳ አይደፋም። ዕቃዎቹን አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ሠርተው 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁ።

በየሳምንቱ የሚደገመው ከ3 እስከ 6 ያለው ነው፤ መቁረጥ የሚጨመረው አዲስ እንቁላል ከተገኘ ብቻ። በእያንዳንዱ ዙር ኮራሉ ሲመለስ ከአምስቱ አንድ እጅ ውሃ ይቀየር፣ የመስታወቱ ወለል በቱቦ ይጠረግ።

እንቁላል ሲገኝ

መፋቅ ቀላል ይመስላል፣ ግን የተፋቀ እንቁላል የሞተ እንቁላል አይደለም። በጥርስ ብሩሽ ከአጽሙ ተነስቶ ታንክ ውስጥ የወደቀ ጥፍጥፍ እዚያው ተኝቶ ይፈለፈላል። ስለዚህ መፋቅ የሚደረገው ሁልጊዜ ከታንኩ ውጭ፣ በሚደፋ ውሃ ውስጥ፣ በስካልፔል ጫፍ ነው። ከተቻለ አይፋቅ፣ ይቆረጥ። መቁረጥ በማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቅርንጫፎች በሚለያዩበት ጥግ፣ መጀመሪያ ፍቀው ከዚያ ቦታውን በጄል መሸፈን አማራጭ ነው። ጄሉ በደንብ ካልተጣበቀ ግን ከሥሩ ክፍተት ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ የሚታየው ያ ቦታ ይሁን።

ዋናው ታንክ ምን ይሁን

አክሮፖራ ከሌለ ትሉ ይራባል። ታንኩን 26 ወይም 27 ዲግሪ ላይ አድርገው 8 ሳምንት ያለ አክሮፖራ ይተዉት። ይህ እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉበትንና ፍልፍሎቹ የሚያልቁበትን ቀን በሰፊው ያልፋል። ቀዝቃዛ ታንክ ከሆነ ወደ 12 ሳምንት ያርዝሙት።

ይህ የሚሠራው ግን አክሮፖራ በእርግጥ ከሌለ ነው። ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ የቀረ ሥር፣ የጥፍር ያህል ሕያው ሥጋ ብትሆን እንኳ፣ ትሉን ታኖራለች። ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው በመሮ ይፈልፍሉ። የማይወጣ ከሆነ በኤፖክሲ ሙሉ በሙሉ ይድፈኑት፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲሜትር አሳልፈው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ በሰማያዊ ብርሃን ቢያዩት የቀረ ሕያው ሥጋ ካለ እያበራ ራሱን ያሳብቃል።

ብዙ ታንክ የሚበላሸው ደግሞ ከትሉ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ነው። አክሮፖራዎቹ ሲወጡ የአልካሊኒቲና የካልሲየም ፍጆታው በአንድ ቀን ያሽቆለቁላል፣ እነዚህን እየለካ የሚጨምረው የመጠን ፓምፕ ግን እንደ ትናንቱ ማፍሰሱን ይቀጥላል። በሳምንት ውስጥ አልካሊኒቲው ወደ 12 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ይወጣና የቀሩት ኮራሎች ይቃጠላሉ። ኮራሎቹን ባወጡበት ቀን መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይለኩ፣ ከ7.5 እስከ 9 ዲኬኤች መካከል እስኪረጋ ያስተካክሉ። ኳራንቲኑም በተመሳሳይ ልኬት ይሁን፤ በሁለቱ መካከል የ2 ዲኬኤች ልዩነት ያለው ኮራል ከመድኃኒቱ ይልቅ በዝውውሩ ይሞታል። ናይትሬት በሊትር 5 ሚሊግራም አካባቢ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ናይትሬት በሌለበት ውሃ ውስጥ የተቆረጠ ኮራል አያገግምም።

ኮራሉን ማውጣት በማይቻልበት ታንክ

ከድንጋዩ ጋር አንድ የሆኑ ትልልቅ ኮሎኒዎች ያሉበት ታንክ ላይ ከላይ ያለው አይሠራም። እዚያ ማጥፋት ሳይሆን ማመናመን ነው የሚቻለው፤ ይህን ከጅምሩ መቀበል ይሻላል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቤስተር ወይም ትንሽ ፓምፕ ይዘው ሁሉንም ኮሎኒ ከሥር ይንፉ፣ መጀመሪያ ዓሣዎቹን አያብሉ፤ የራበው ዓሣ የተገነጠለውን ሁሉ ይለቅማል።

ሲክስላይን ራስ (wrasse) የምትባለው፣ በቀይ ባሕርም የምትገኘው ትንሽ ዓሣ፣ ትሉን ከኮራሉ ላይ ለቅማ ትበላለች። ቢጫው ኮሪስና ሜላኑረስ የሚባሉት የራስ ዓይነት ዓሣዎችም ለዚህ ይያዛሉ። ሲክስላይን ስትለምድ ክፉ ስለሆነች ከሁሉም በኋላ ትግባ፣ አለበለዚያ አዲስ ዓሣ አታስገባም። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ፣ በተለይ ሊስማታ ቪታታ፣ ከትሉ አልፎ እንቁላሉንም ይበላል፤ መድኃኒት ያልቻለውን የሚሠራ ፍጡር ስለሆነ ዋጋው ትልቅ ነው። ሆኖም ሲክስላይን ትንንሽ ሽሪምፕ ልታሳድድ ትችላለች፣ በፀረ ተባይ ነክረው በደንብ ያላለቀለቁት ኮራልም ሽሪምፑን ይገድለዋል። ዓሣ ጠባብ ቅርንጫፍ ውስጥ አይገባም፤ እነዚህ ረዳቶች ናቸው፣ ኳራንቲኑን አይተኩም።

ብዙ ጊዜ የሚስተው

ሦስት ጊዜ ነክረው ምንም ስላልወደቀ ማቆም አንደኛው ነው። ሦስተኛው ሳምንት በ27 ዲግሪ ፍልፍሎቹ ገና ደቃቃ የሚሆኑበት ጊዜ ነው፣ ባዶ ዕቃ ማየት የሚጠበቅ ነው።

አንዱን ቤስተር ለሁለቱም ታንክ መጠቀም፣ ወይም ከኳራንቲን እጅን ሳይታጠቡ ወደ ዋናው መግባት ሌላው ነው። ለኳራንቲን የተለየ ዕቃ ይኑር፣ ቀይ ቴፕ ይለጠፍበት፣ የዕለቱ ሥራ ሁልጊዜ ከዋናው ታንክ ጀምሮ በኳራንቲን ይለቅ።

ሦስተኛው መድኃኒቱን ማብዛት ነው። ትሉ አልወድቅ ሲል ደቂቃውን ከ10 ወደ 25 ያደረገ ሰው ትሉን ሳይሆን ኮራሉን ያጣል፤ በማግስቱ ሥጋው ከቅርንጫፉ ጫፍ ይለጣል። የተዳከመ ኮራል ላይ ደቂቃውን ከመለያው ዝቅተኛው ወሰን ያድርጉት፣ ንፊያውን ያብዙ። ነክሮ በዚያው ቀን መቁረጥና መብራት መጨመር ሁሉንም አንድ ላይ ማድረግም ያው ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን በስተቀር ሥራዎቹን በሁለት ሦስት ቀን ያራርቁ።

አዲስ ኮራል ሲገባ

ትሉ ራሱ አይመጣም፣ ከኮራል ጋር ይገባል። የገዙት ቁራጭ መትከያው ወዲያውኑ ይጣል፣ ኮራሉ ይነከር፣ ከዚያ በ26.5 ዲግሪ 6 ሳምንት ኳራንቲን ይቆይ፣ በየሳምንቱ እየተነከረ። ከሻጩ ጋር ሲነጋገሩ "ነክረነዋል" የሚለውን መልስ በአክብሮት ሰምተው ቢያልፉት ይሻላል፤ እንቁላሉን አልነከሩትምና። ባለ ድንጋይ አጽም ኮራሎች ሁሉ በሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሆኑ ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ፈቃድ ይጠየቃል። ኤይላት የሚኖር ሰውም ከባሕሩ ቁራጭ ቆርጦ ማምጣት በሕግ ክልክል ነው፤ የሚያዋጣው ታንክ ውስጥ የተራባ ቁራጭ መግዛት ነው።

ኳራንቲኑን የጨረሱት ኮራሎች ወደ ዋናው ሲመለሱ በአንድ ቀን አይጠቃለሉ። መጀመሪያ ሁለት፣ በተለይም ትሉ የሚወዳቸው ለስላሳ ገጽ ያላቸው፣ በሚታይና በቀላሉ በሚነሳ ቦታ ላይ፣ ሳይጣበቁ ይቀመጡ። በአሥረኛውና በሃያኛው ቀን አውጥተው ይንከሯቸው፣ ሥራቸውን በሌንስ ይዩ። ንጹሕ ከሆኑ የቀሩት ይግቡ፣ የመጠን ፓምፑም በዚያው ልክ በየሳምንቱ ከፍ ይበል።